ከውጭ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ መምህራን በድሬዳዋ፦ አገልግሎቱን ከተቀባይ ወገን ሆኜ ሳየው

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ከውጭ ሀገር በጎ ፈቃደኛ መምህር ላምጣላችሁ የሚል ድርጅት ትምህርት ቤታችሁ ከመጣ ተቀበሉት። ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሁለት ነገር በጽሑፍ ሳይሰፍር አትፈርሙ። መምህሩ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይቆይ። ክፍል ሲገባ ደግሞ ብቻውን ሳይሆን ከእኛው መምህር ጋር ይግባ። ሁለቱ ከሌሉ ለልጆቹ የሚተርፍ ነገር የለም።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በጎ ፈቃደኞቹን ተቀብሎ ከትምህርት ቤቱ ጋር የማላመድ ሥራም የተሰጠው ለእኔ ነው። በዚህ ጉዳይ ያነበብኩት አስተያየት አብዛኛው የተጻፈው ከሚመጡት ወገን ነው። ምን እንደተሰማቸው፣ ምን እንደበሉ፣ ልጆቹ እንዴት እንደወደዷቸው ይነግሩናል። አብረዋቸው የሠሩት መምህራን ምን እንዳዩ የሚናገር ግን አላገኘሁም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የምለው ነገር ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሁሉ ይመለከታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ዋና ቢሮው ውጭ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን የትምህርት ዓይነት ጠቅሶ ቅጽ ይሞላል። ድርጅቱ ሰው ይመለምላል፣ የትምህርት ማስረጃውን ያጣራል፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና ኢንሹራንሱን ይችላል፣ ለኑሮ የሚሆን መጠነኛ አበልም ይሰጠዋል። እኛ ደመወዝ አንከፍልም። ከእኛ የሚጠበቀው ቤት መፈለግ፣ ክፍለ ጊዜ መደልደልና አብሮት የሚያስተምር መምህር መመደብ ነው።

ሌላ ዓይነት አገልግሎትም አለ። ከራሱ ከበጎ ፈቃደኛው ገንዘብ ተቀብሎ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚያመጣ ማለቴ ነው። የዚህኛው ነገር የምር አይጥመኝም። ከፍሎ የመጣ ሰው ደንበኛ ነው፣ ደንበኛ ደግሞ ተደስቶ መመለስ አለበት። ስለዚህ ልጆቹ መዝሙር ያጠናሉ፣ የሳምንቱ ፕሮግራም ይታጠፋል፣ እንግዳው የልጆቹን ስም መያዝ ሲጀምር የመመለሻው ቀን ይደርሳል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የሚመጡት በራሳቸው ሀገር የዕረፍት ወቅት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ የእኛ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹን ከየቤታቸው ሰብስቦ ክፍል የሚያስገባላቸው ሰው ይፈለጋል። ይሄ ለማን ነው የሚጠቅመው?

ሀገራችን ለውጭ መምህር አዲስ አይደለችም። የአሜሪካ ሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች የደረሱት በ1955 ዓ.ም መግቢያ ላይ ነው። ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። በዚያ ዘመን የህንድ መምህራንም በብዙ ከተማ ነበሩ። እዚሁ አጠገባችን የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም ያስተማሩት ከኦክላሆማ የመጡ ሰዎች ናቸው። የሐረር ጦር አካዳሚ ሲከፈትም አሰልጣኞቹ የህንድ መኮንኖች ነበሩ። ድሬ ደግሞ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ ከደረሰ ጀምሮ ፈረንሳዩን፣ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ህንዱንና የመኑን ስታስተናግድ የኖረች ከተማ ናት። የባዕድ ሰው መምጣት ለእሷ ብርቅ አይደለም። የዚያ ዘመን ትልቁ ልዩነት ጊዜው ነው። የሰላም ጓድ መምህር የሚመጣው ለሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመት የቆየ ሰው የልጁን ስም ብቻ ሳይሆን ሰፈሩንም እናቱንም ያውቃል፤ ያበላሸውን የሚያስተካክልበት ጊዜም አለው።

ታዲያ ዛሬ ለምን ያስፈልጉናል? በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት ውስጥ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ በየቀኑ ክፍል ውስጥ የማየው ግን የቋንቋውን ችግር ነው። ድሬዳዋ ላይ አንደኛ ደረጃ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም ይሰጣል። ልጆቹ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ፤ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። መምህሩ ሲቸግረው በአማርኛ ማብራራት ይጀምራል። ያኔ በሌላ ቋንቋ የተማረው ልጅ፣ በተለይ ከገጠር ቀበሌ የመጣው፣ ሁለቴ ይቀጣል። እንግሊዝኛውም አልገባውም፣ ማብራሪያውም ለሌላ ሰው ነው። አማርኛ የማያውቅ መምህር ፊት ግን ሁሉም ልጅ እኩል ነው። ይህን ያስተዋልኩት የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች ከመጡ በኋላ ነው፤ ለእኔ የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ከኋላ ወንበር ድምፃቸውን ሰምተናቸው የማናውቅ ልጆች መናገር ጀመሩ።

ካየኋቸው ሁሉ የበለጠ የሠራችው አንዲት ከስኮትላንድ የመጣች የሒሳብ መምህርት ናት። አጀማመሯ ከባድ ነበር። አነጋገሯ ልጆቹ ከለመዱት እንግሊዝኛ የራቀ ነው፣ ፍጥነትም አላት። "ገባችሁ?" ትላለች። "የስ ቲቸር!" ይላሉ በአንድ ድምፅ። ፈተና ስትሰጥ ግማሹ ወረቀት ባዶ። ዋሹኝ ብላ በጣም አዘነች። ልጆቹ ግን አልዋሹም። እኛ ጋ "አልገባኝም" ማለት መምህሩን "አላስተማርክም" ብሎ እንደ መውቀስ ነው። ልጁ "የስ" ያለው አክብሯት ነው። ይህን የነገራት አብሯት የሚያስተምረው የእኛው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ "ገባችሁ?" ማለቱን ተወችው። በምትኩ "ለጎንህ ልጅ አስረዳው" ትልና እየዞረች ታዳምጣለች። ማን እንደገባው ማን እንዳልገባው ወዲያው ይታወቃል። ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከመናገሯ በፊት ሰሌዳ ላይ መጻፍም ጀመረች። የእኛው መምህር ዘዴውን ያዘው። እሷ ከሄደች በኋላም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል፣ ከእሱ አይተው የጀመሩ ሌሎችም አሉ። አብሮ ማስተማር ያልኩት ለዚህ ነው። ብቻዋን ብታስተምር ኖሮ ልጆቹን እንደ ውሸታም ቆጥራ፣ ልጆቹም እሷን እንደ ቁጡ ቆጥረው ይለያዩ ነበር።

እጅ ማውጣቱም እንዲሁ ነገር ፈጥሮ ነበር። ልጆቻችን መልስ ሲያውቁ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጣታቸውን እያጮሁ "ቲቸር! ቲቸር!" ይላሉ። ለእነሱ የጉጉት ምልክት ነው። ከውጭ ለመጣ ሰው ግን ጣት ማጮህ አስተናጋጅን በንቀት እንደ መጥራት ነው። አንዱ በጎ ፈቃደኛ በዚህ ተቆጥቶ ጎበዙን ልጅ ከክፍል አስወጣው። ልጁ ለምን እንደወጣ አልገባውም፤ ለብዙ ጊዜም እጁን አላወጣም። አንድ መስመር ማብራሪያ ቀድሞ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ኩረጃ ደግሞ ከሁሉም የከረረው ጉዳይ ነው። ለሦስት በሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ጓደኛህ መልስ ሲጠይቅህ መከልከል ንፉግነት ነው የሚመስለው። ለእንግዳው ሌብነት ነው። ኩረጃ ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ እኔም እታገለዋለሁ። ልዩነቱ ልጁን ሌባ ብሎ በመጀመርና ደግነቱ ያለቦታው እንደዋለ አውቆ በመጀመር መካከል ነው። ስኮትላንዳዊቷና አጋሯ ጥያቄዎቹን በተለያየ ቅደም ተከተል አዘጋጁ፣ መረዳዳት የሚፈቀድበት የቡድን ሥራ ደግሞ ለብቻው ሰጡ። ልጆቹም የቱ ጋ መረዳዳት እንደሚቻል፣ የቱ ጋ እንደማይቻል ለዩ።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ድርጅቱን በግልጽ እወቅሳለሁ። የማላመጃ ሥልጠናው የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፣ ያውም ለጥቂት ቀን። የሚማሩት ስለ አዲስ አበባ ነው። ሹራብ ያዙ ይሏቸዋል፤ ድሬ ሲደርሱ ከላይ ፀሐይ ከታች አሸዋ ያነድዳቸዋል። ለትልቅ ሰው ሁሉ "እርስዎ" በሉ ይሏቸዋል፤ እዚህ ሽማግሌውም ልጁም አንተ ነው የሚባለው፣ ያለ አክብሮት ሳይሆን በፍቅር። በቀትር ከተማዋ እንደምትተኛ፣ ሱቁም ተዘግቶ የሚከፈተው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። አንዱ በጎ ፈቃደኛ ከቀትር በኋላ የስብሰባ ፕሮግራም አውጥቶ ማንም አልመጣም። ናቁኝ ብሎ ደመደመ። አቦ፣ በዚያ ሙቀት ማን ይመጣል!

ስለ ጫትም አንድ ቃል አይነገራቸውም። ድሬና ሐረር መጥቶ ስለ በርጫ፣ ተሰብስቦ እየተጫወቱ ጫት ስለ መቃም ማለቴ ነው፣ ሳያውቅ ከሰው ጋር መግባባት ይከብዳል። ጥቅሙንና ጉዳቱን መከራከር ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ብዙ የሥራና የመንደር ወሬ የሚያልቀው እዚያ ነው። መቃም ግዴታ እንዳልሆነ፣ ሻይ ይዞ ተቀምጦ መጫወት እንደሚቻል ቢነገራቸው ይበቃል። ሳይነገራቸው ሲቀር አንዱ ሁሉንም እየሸሸ ብቻውን ይቀራል፣ ሌላው ወዳጅነቱን ለማሳየት ከመጠን በላይ ቅሞ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል።

የሃይማኖቱ ነገርማ በደንብ መነገር አለበት። ክፍላችን ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው። ረመዳን ላይ አንዲት ደግ መምህርት በትክክል ለመለሰ ልጅ ሁሉ ከረሜላ ትሰጥ ነበር። ልጆቹ ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። እሷ አልወደዱትም ብላ ሌላ ዓይነት ገዛች። ሁዳዴ ሲሆን ደግሞ የቸኮሌቱ ነገር መጣ፣ ወተት አለበት። ልጆቹ ምንም አላሏትም፤ ስጦታ አይመለስምና። በመጨረሻ እስክሪብቶ እንድትሰጥ ተነጋገርንና ሁሉም ተደሰተ። ዓርብ ለጁምዓ ሰላት የሚወጡ ልጆች እንዳሉ፣ የዓርብ ከሰዓት ፈተና እንደማይመከርም ሊያውቁ ይገባል። እነዚህ የሚያስቸግሩ ነገሮች አይደሉም። የሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ቀድሞ እንዲናገር ነው።

መኖሪያው ላይም ያየሁት አለ። ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ ለብቻ የተከራየ ቤት ይመርጥ ነበር። እኛ ጠይቀን በቤተሰብ ግቢ ውስጥ የሆነ ክፍል ተደረገ፤ በጣም የተሻለ ሆነ። ቢሆንም መጋጨት አልቀረም። ስኮትላንዳዊቷ ከሥራ ስትገባ በሯን ዘግታ ታነብባለች፣ ብቻዋን ትበላለች። የቤቱ እናት ታመመች ወይ ተቀየመች ብለው ተጨነቁ። ምሳ፣ መክሰስ፣ ሻይ እያሉ በሯን ያንኳኳሉ። እሷ ደግሞ ለብቻዋ የምትሆንበት ሰዓት አጥታ ልትፈነዳ ደረሰች። ሁለቱንም አስቀምጠን ተነጋገርን። እናትየው ብቻ መሆን ለእሷ ዕረፍት እንጂ ኀዘን እንዳልሆነ ተረዱ። እሷ በበኩሏ ቅዳሜ ምሳ ከቤተሰቡ ጋር፣ ማታ ማታ ደግሞ ለራሷ ብላ ተስማማች። ከዚያ ወዲህ እማዬ ነው የምትላቸው። መላመድ ሁሌ ከእንግዳው ብቻ የሚጠበቅ ይመስለናል። እናትየው የተላመዱት ግን ከእሷ አያንስም፤ ለዚህ ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም። ድርጅቱ ለአስተናጋጅ ቤተሰቦችም ግማሽ ቀን ቢመድብ ምን ነበረበት?

የለቅሶው ነገር ልቤን ነክቶታል። የአንድ ባልደረባችን አባት ሲያርፉ መምህራኑ ተሰብስበን ሄድን። አዲስ የመጣው በጎ ፈቃደኛ ቀረ። ልጆቹ ትምህርት እንዳይቀርባቸው ብሎ ነው፣ ደግሞም የማያውቀው ሰው ኀዘን ውስጥ መግባት ነውር መስሎት። ባልደረባችን ግን ለረዥም ጊዜ ሰላም አላለውም። ምክንያቱን ስነግረው ያ ሰው በነጋታው ዳቦ ይዞ ሄደ፣ ድንኳኑ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድም ቃል አማርኛ አልነበረውም። ከዚያች ቀን በኋላ በመምህራን ክፍል ውስጥ ወንበር ሲጠፋ ቦታ የሚለቀቅለት ሰው ሆነ።

እኛም ጋ መስተካከል ያለበት አለ፤ ይህን ለርዕሳነ መምህራን ነው የምለው። እንግዳ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ፈረንጁን ከክፍል ጠርቶ ማሳየት ይቁም። ለማስተማር ነው የመጣው። አጋር ተብሎ የተመደበ መምህርም ክፍለ ጊዜውን ጥሎለት እንዳይጠፋ ክትትል ያስፈልጋል፤ አብሮ ማስተማር ማለት አብሮ መቆም ነው። ላፕቶፕ ስጠኝ፣ ስፖንሰር ሁነኝ የሚሉ ባልደረቦችም አሉ። ችግራቸውን አውቃለሁ፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ያ ጥያቄ ከመጣ በኋላ ባልደረብነት አይኖርም፤ ሰውየው እያንዳንዱን ሰላምታ መጠራጠር ይጀምራል። መንገድ ላይ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" የሚሉ ልጆችን ደግሞ የየሰፈሩ ሰው ሊመክር ይገባል። አንድ ቀን ያስቃል፣ በየቀኑ ሲሆን ያደክማል።

ጥቂት የግድ የሆኑ ነገሮችን ልጥቀስ። ከሀገሩ ፖሊስ ከወንጀል ነፃ ነው የሚል ማስረጃ ያላመጣ ሰው ልጆች ፊት አይቁም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመጠየቅ ያፍራሉ፣ ፈረንጅ ስለሆነ። ማፈር የለብንም፤ የምንጠብቀው የሰው ልጅ ነው። ቪዛው የቱሪስት ከሆነም አይሆንም፣ ሥራ የሚያሠራ ፈቃድ መሆኑን ራሳችሁ እዩ። ድሬ ወባና ደንጌ ያለባት ከተማ ናት፤ አጎበር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይኑር። የደንጌ ትንኝ ቀን ስለምትነክስ ደግሞ አጎበር ብቻ አይበቃም፣ የሚቀባም ያስፈልጋል። ውሃችን ኖራ ስላለው ሆዳቸው እስኪለምድ የታሸገ ይጠጡ። ቤቱ ቬንትሌተር ይኑረው። ከሚያዝያ በኋላ ያለ ቬንትሌተር የደረሰ እንግዳ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ክፍል ይገባል፣ ያኔ ከልጆቹ ጋር ይጣላል፣ እኛም ባህሉን አልቻለውም እንላለን።

የሚመጡበትን ጊዜ በተመለከተ መስከረም ላይ ክፍል ገብቶ መጀመር ጥሩ ይመስላል፣ ግን ምዝገባው እስኪያልቅ ክፍሉ አይረጋም። ነሐሴ መጨረሻ ደርሰው ሁለት ሳምንት ከተማዋን እየለመዱ፣ ከአጋራቸው ጋር የትምህርት ዕቅድ እያወጡ ቢቆዩ ይሻላል። ቀፊራ ገበያ ይውጡ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ማታ ይቀመጡ፣ ጠዋት ፈቲራ ይብሉ፣ ቅዳሜ ሐረር ወጥተው ጀጎልን ይዩ። በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ሰላምታ ይያዙ። በሦስቱም ሰላም ያለ መምህር የልጆቹን ልብ የሚያገኘው ገና በር ላይ ነው።

ለድርጅቱ ከአምስት ስንት ትሰጣለህ ካላችሁ፣ ለምልመላው አራት እሰጣለሁ፤ የላካቸው ሰዎች በአብዛኛው ትምህርታቸውን የሚያውቁና ልባቸው የቀና ነው። ለማላመዱ ከሁለት አላልፍም። ይህን ለራሳቸውም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ሥልጠናው ድሬ ላይ፣ በድሬ ሰዎች፣ መምህራኑና አስተናጋጅ ቤተሰቦቹ ባሉበት ይሁን ብያለሁ። እናየዋለን የሚል መልስ ሰጥተውኛል። ለቀጣዩ ዓመት የፊዚክስ መምህር ጠይቀናል፤ ቅጹ ላይ አጋር የሚሆነውን የእኛን መምህር ስም ከወዲሁ አስገብተናል፣ የሚቆይበት ጊዜ የሚለው ቦታ ላይም "ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሰኔ" ብለን ሞልተናል።